መርማሪው ውድቅ ሲያደርግ፦ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ፀረ-ተህዋስያን ሽፋን የፓተንት መልስ አዘገጃጀት

የበር እጀታን፣ የሆስፒታል አልጋ መደገፊያን ወይም የአሳንሰር ቁልፍን በቀጫጭን የብር ወይም የመዳብ መስመሮች ሸፍኖ፣ በትንሽ ባትሪ ጀርም እንዲገድል የሚያደርግ ፈጠራ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ያቀረበ ሰው በመጀመሪያው ምርመራ ውድቅ የሚያደርግ ደብዳቤ ቢደርሰው ሊደነግጥ አይገባም። ደብዳቤው የክርክሩ መጀመሪያ ነው። ብዙዎች የሚወድቁት መልሱ ላይ ነው። «የእኔ ሽፋን 99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል፤ የእነሱ ግን አይገድልም» ብለው ሦስት ገጽ ይጽፉና በሁለተኛው ደብዳቤ ያው ውድቅ ይመለስላቸዋል። መርማሪው የሚመዝነው የሞተውን ጀርም ሳይሆን ገዳዩ ዕቃ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደተያያዘ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ነጥብ የሚነሡ ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት በጠረጴዛዎ ላይ ይኑሩ

- ባስገቡበት ቀን የነበረው ማመልከቻ፣ ከሥዕሎቹ ጋር። በኋላ ያረሙት ቅጂ አይደለም።
- የመርማሪው ደብዳቤና የጠቀሳቸው ሰነዶች በሙሉ።
- የላቦራቶሪ መዝገብዎ፤ ያልሰመሩት ሙከራዎች ጭምር።
- ስለ ፈጠራው በአደባባይ የተናገሩበት፣ ያሳዩበት ወይም ያሳተሙበት ቀን ዝርዝር።

የመጨረሻውን አይናቁት። በአሜሪካ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ከገለጸበት ቀን አንሥቶ የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ አለው። በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ግን ይህን የመሰለ አጠቃላይ እፎይታ የለም፤ በኤግዚቢሽን ያሳዩት ናሙና እዚያ ራስዎን ሊጥልዎት ይችላል።

## ደረጃ 1፦ ቀኑን ያስሩ

1. በደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን የማሳወቂያ ቀን ያክብቡ። ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ እርስዎ ከከፈቱበት ቀን አይደለም።
2. ለተለመደው የመጀመሪያ ውድቅ 3 ወር ይሰጣል። በየወሩ እየከበደ የሚሄድ ክፍያ በመክፈል እስከ 6 ወር ማራዘም ይቻላል። ከ6 ወር በላይ ማራዘሚያ የለም፤ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።
3. ደብዳቤው ፈጠራዎችን ለይተው አንዱን እንዲመርጡ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ መነሻው 2 ወር ነው።

ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጠው አይቁጠሩ። የወሮቹ ርዝመት ስለማይገጥምና ጳጉሜን መሐል ስለምትገባ፣ «ሦስት ወር» ያሉት ቀን ተንሸራቶ ሊያልፍ ይችላል። በፈረንጁ ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚያስታውስዎት ሌላ ምልክት ያድርጉ።

ቀኑ ካለፈ፦ መዘግየቱ ሆን ተብሎ ካልሆነ ማመልከቻው እንዲነሣ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው ግን ከክፍያውና ከተሟላው መልስ ጋር አብሮ መግባት አለበት። አነስተኛ ድርጅት የሚባሉ አመልካቾች ከአብዛኞቹ ክፍያዎች 60 በመቶ፣ እጅግ አነስተኛ የሚባሉት 80 በመቶ ይቀነስላቸዋል፤ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው እንደሚመለከትዎት ያረጋግጡ።

## ደረጃ 2፦ ደብዳቤውን በየአንቀጹ ይበትኑት

ደብዳቤው አንድ ውድቅ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሦስት ወይም የአራት ጥቅል ነው። በተለያየ ቀለም ያስምሩበት (አንቀጾቹ የአሜሪካ ፓተንት ሕግ ናቸው)፦

- አንቀጽ 101፦ ለፓተንት የሚገባ ዓይነት ነገር ስለመሆኑ። ባትሪና መስመር ያለው ዕቃ በዚህ ብዙም አይያዝም።
- አንቀጽ 102፦ አዲስ አይደለም፤ አንድ ሰነድ ብቻውን ሁሉንም ይዟል ማለት ነው።
- አንቀጽ 103፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰነዶች ቢጣመሩ ለሙያው ሰው በቀላሉ የሚደረስበት ነው ማለት ነው። በዚህ ዘርፍ ዋናው ጦርነት እዚህ ነው።
- አንቀጽ 112፦ አገላለጹ በቂ አይደለም ወይም የይገባኛል ጥያቄው (ጥበቃ የሚጠይቁበትን ነገር ወሰን የሚያስቀምጠው ባለ ቁጥር ዐረፍተ ነገር፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ጥያቄ») ድንበሩ አይታወቅም።

አሁን ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ይሂዱና ስለ አንዱ ጥያቄዎ «በራሱ የቆመ ሆኖ ቢጻፍ ተቀባይነት ያገኛል» (ማለትም በሌላ ጥያቄ ላይ ሳይንጠለጠል) የሚል ዐረፍተ ነገር ይፈልጉ። አንዳንድ ሰው ይህን ሳያይ ለወራት ይከራከራል። ካለ፣ መርማሪው በሩን ከፍቶልዎታል፤ ያ ጠባብ ጥያቄ ለሥራዎ የሚበቃ መሆኑን ብቻ ይመዝኑ።

## ደረጃ 3፦ የተጠቀሰውን ሰነድ ራስዎ ያንብቡ

ማጠቃለያውን አንብበው አይመልሱ። ሙሉውን ሰነድ ከኢስፓስኔት (የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የፓተንት መፈለጊያ ገጽ) ወይም ከቢሮው ከራሱ የመፈለጊያ ገጽ ያውርዱ። ከዚያም ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ በግራ የይገባኛል ጥያቄዎን ሐረግ በሐረግ ቆራርጠው፣ በቀኝ ያ ሐረግ በሰነዱ የት ገጽ፣ የት መስመር እንደሚገኝ ይጻፉ። ባዶ የቀረው ሳጥን የክርክርዎ መነሻ ነው።

በዚህ ዘርፍ ብዙ ሰው የሚያሰናክለው ነገር አለ። መርማሪው በብር ኤሌክትሮድ የተሸፈነ አሮጌ የሕክምና መሣሪያ ያመጣና፣ ሰነዱ ስለ ጀርም አንዲት ቃል ባይናገርም «ብር ነው፣ ቮልቴጅም አለው፤ ስለዚህ በተፈጥሮው ጀርም መግደሉ አይቀርም» ይላል። ይህ በሕግ የታወቀ አካሄድ ነው። መርማሪው ምክንያታዊ መሠረት ካቀረበ የማስተባበል ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞራል። «ሰነዱ ጀርም አልጠቀሰም» ማለት መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው የአሮጌው ዕቃ አካል ከእርስዎ የሚለይበትን ቦታ ማሳየት፣ ወይም አሮጌው ዕቃ ያንን ውጤት የግድ እንደማይሰጥ በሙከራ ማረጋገጥ ነው።

ብር በደካማ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ባክቴሪያ እንደሚገታ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ታይቷል። ደካማ ፍሰት የፀረ-ተህዋስያንን ጉልበት በተጣበቀ የባክቴሪያ ንጣፍ ላይ እንደሚያበረታም በ1992 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ስለዚህ «ኤሌክትሪክና ብርን ያገናኘሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» ብለው አይጻፉ፤ ይህ ዐረፍተ ነገር የቀረውን መልስዎን ተአማኒነት ያሳጣዋል።

መርማሪው ያላያቸውንም ራስዎ ይፈልጉ። ፓተንቶች በዘርፍ የሚደረደሩባቸው የምደባ ቁጥሮች፣ ኤ61ኤል 2/03 (በኤሌክትሪክ ፍሰት ማምከን)፣ ኤ01ኤን 59/16 (ከባድ ብረቶችን የያዙ ተህዋስያን ገዳዮች) እና ሲ09ዲ 5/14 (ተህዋስያን ገዳይ ያለባቸው ቅቦች) ጥሩ መነሻ ናቸው። ለጉዳዩ ወሳኝ የሆነ ሰነድ ካገኙ ለቢሮው የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት፤ የደበቁት ሰነድ በኋላ ፓተንቱን ራሱን ሊያስጥለው ይችላል።

## ደረጃ 4፦ ጥያቄውን ከተግባር ወደ አካል ይመልሱ

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ይህን ይመስላል፦

> 1. ጀርሞችን የሚገድል፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ የገጽ ሽፋን።

መርማሪው ቃላቱን በሚፈቅዱት ሰፊ ትርጉም ስለሚያነባቸው፣ ይህ ጥያቄ በባትሪ የተነካን ማንኛውንም የብር ልባጥ ይይዛል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አቋም የታወቀ ነው፤ የዕቃ ጥያቄ የሚሸፍነው ዕቃው ምን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚያደርግ አይደለም። አሁን ይህን ይመልከቱ (ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው)፦

> 1. የገጽ ሽፋን፣ የሚከተሉትን የያዘ፦ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሠረት፤ በመሠረቱ ላይ እንደ ሁለት ማበጠሪያ ጥርሶች እርስ በርስ የተሰካኩ ነገር ግን የማይነካኩ፣ ለንክኪ የተጋለጡ አንደኛና ሁለተኛ የብር መስመሮች፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር የሆነ፤ እና ከሁለቱ መስመሮች ጋር የተገናኘ፣ በመካከላቸው ያለውን የቮልቴጅ አቅጣጫ በየጊዜው እንዲገለብጥ የተሰናዳ መቆጣጠሪያ።

ለምን ይህኛው ይቆማል? ገጹ ደረቅ ሲሆን በመስመሮቹ መካከል የሚያልፍ ፍሰት የለም ማለት ይቻላል። ላብ ያለበት ጣት ወይም የሳል ጠብታ ሲያርፍ እርጥበቱ ድልድይ ይሆንና ፍሰት ይጀምራል፤ ከአዎንታዊው መስመር የብር አዮን ይለቀቃል። አቅጣጫው ካልተገለበጠ ግን ብሩ ወደ ሌላኛው መስመር ተጉዞ እንደ ቅርንጫፍ ያለ ቀጭን ክር እያበቀለ ይሄድና ኮንታክት ይፈጥራል፤ ሽፋኑም ይሞታል። በጥያቄው ውስጥ ያለው ክፍተትና መገልበጫ ይህን ችግር የሚፈታ አካል ነው። አንድ ባለሙያ ሽፋኑን በማጉያ መነጽር አይቶ «አለው» ወይም «የለውም» ሊል የሚችልበትን ነገር ይጻፉ።

ትልቁ አደጋ፦ ባስገቡበት ቀን በማመልከቻው ያልነበረ ነገር መጨመር አይቻልም። መግለጫዎ «ከ50 እስከ 500 ማይክሮሜትር» ብሎ 100ን እና 300ን በምሳሌነት ከጠቀሰ፣ ወደ «ከ100 እስከ 300» ማጥበብ አብዛኛውን ጊዜ ድጋፍ ያገኛል። «ጠባብ ክፍተት» ብቻ ብሎ ቁጥር ካልጠቀሰ ግን 100 የሚለውን ከየትም ማምጣት አይችሉም። በእያንዳንዱ አዲስ ቃል ጎን፣ ድጋፉ ያለበትን የአንቀጽ ቁጥር በእርሳስ ይጻፉ። ቁጥር ያጣ ቃል ይውጣ።

ድጋፍ ከጠፋ፦ አዲሱን ነገር የሚጨምር ተከታይ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። ለአዲሱ ክፍል የሚቆጠረው ግን አዲሱ ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የታተመ ነገር፣ የራስዎ ጽሑፍ ጭምር፣ ሊቃወምዎት ይችላል።

## ደረጃ 5፦ ማስረጃውን በአራት ናሙና ያቁሙ

አንድ ፈጣሪ የሙከራ ሰንጠረዡን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ግን ሁለት ረድፍ ብቻ ነበረው፦ «ሽፋን ያለው» እና «ሽፋን የሌለው»። ሽፋኑ ኖሮ ባትሪው የተነቀለበት ናሙና አልተለካም። ብር ያለ ኤሌክትሪክም ጀርም ይገድላል፤ ስለዚህ ያ ሰንጠረዥ የሚያረጋግጠው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። የሁለት ዓመት ድካም በአንድ የጎደለ ረድፍ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ሁልጊዜ አራቱን ይለኩ፦

1. ሽፋን አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ።
2. ሽፋን አለ፣ ኤሌክትሪክ የለም።
3. መስመሮቹ ጀርም ከማይገድል ማስተላለፊያ የተሠሩ፣ ኤሌክትሪክ አለ።
4. ሽፋንም ኤሌክትሪክም የለም።

በዚህ ላይ አምስተኛ ይጨምሩ፦ መርማሪው ከጠቀሳቸው ሁሉ ለእርስዎ በጣም የሚቀርበውን ሰነድ ተከትሎ የተሠራ ናሙና። ያልተጠበቀ ውጤት አለ የሚል ሰው ማነጻጸር ያለበት ከቅርቡ ቀዳሚ ጥበብ (ከማመልከቻው በፊት ከታወቀው ነገር) ጋር ነው፤ ራሱ ከመረጠው ደካማ ተፎካካሪ ጋር አይደለም።

ውጤቱን በሎግ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ 1 ሎግ ቁጥሩ ወደ አንድ አሥረኛ መውረዱ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ አንድ ሺህ ቢቀር የ3 ሎግ ቅነሳ ወይም 99.9 በመቶ ነው። የተለመደው የአይኤስኦ 22196 መለኪያ ናሙናውን ለ24 ሰዓት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ90 በመቶ ባላነሰ እርጥበት ያቆያል። ይህ ለሽፋንዎ ሁለት ነገር ማለት ነው። ገጹ ሙከራውን ሁሉ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ደረቅ የበር እጀታን አይወክልም። 24 ሰዓት ረጅም በመሆኑም ኤሌክትሪክ የሌለው ብር ጭምር ሊደርስበትና ልዩነቱ ሊጠፋ ይችላል። በ5፣ በ15፣ በ60 ደቂቃ ላይም ይለኩ፤ የኤሌክትሪኩ አስተዋጽኦ ካለ ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ውጤቱን በመልሱ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ አይተርኩት። የጠበቃም ሆነ የአመልካች ክርክር ማስረጃ አይደለም። በቢሮው ደንብ 1.132 መሠረት ሙከራውን የሠራው ወይም የሚያውቀው ሰው በሚፈርመው የማረጋገጫ ቃል ይቅረብ፤ ሐሰት መጻፍ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ የሚገልጸው ዐረፍተ ነገርም ይካተት። ከማመልከቻው ቀን በኋላ የተሠራ ሙከራ በዚህ መንገድ ሊገባ ይችላል። ወደ መግለጫው መጨመር ግን አይቻልም።

ውጤቱ ከጥያቄው ጋር ካልገጠመ፦ በ200 ማይክሮሜትር ብቻ ለክተው ከ50 እስከ 500 መጠየቅ አያዋጣም። ወይ ተጨማሪ ነጥቦች ይለኩ፣ ወይ ጥያቄውን ያጥብቡ።

ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ወይም ለሌላ ተቆጣጣሪ ያቀረቡት የሙከራ ሰነድ ካለ ከዚህኛው ጋር ያስተያዩት። የፓተንት ቢሮው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስታወቂያ፣ ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚነገረውና ለቢሮው የሚነገረው እንዳይጋጭ አስጠንቅቋል። ለአንዱ «ከነባሩ ጋር አንድ ነው»፣ ለሌላው «ፈጽሞ የተለየ ነው» ማለት አደገኛ ነው።

## ደረጃ 6፦ የአንቀጽ 103 ክርክርዎን ይጻፉ

መለኪያው በ1966 (እ.ኤ.አ.) ግራሃም በጆን ዲር ላይ ባቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው ነው፦ ቀዳሚው ጥበብ ምን ይዟል፣ ልዩነቱ ምንድን ነው፣ የሙያው ሰው ችሎታ እስከ ምን ድረስ ነው፣ ከዚህ ውጭ ያሉ ማስረጃዎችስ ምን ይላሉ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በዚያው ፍርድ ቤት የተወሰነው የኬኤስአር ጉዳይ ደግሞ መርማሪው ሰነዶችን ለማጣመር የግድ በጽሑፍ የሰፈረ መነሻ እንደማያስፈልገው አረጋግጧል። ስለዚህ «አጣምሩ የሚል ሰነድ የለም» የሚለው ብቻውን ዛሬ አይሠራም።

አያድርጉ፦ አንደኛውን ሰነድ ለብቻው «መገልበጫ የለውም»፣ ሁለተኛውን ለብቻው «ብር የለውም» እያሉ አይምቱ። ውድቅ የተደረገው ጥምረቱ ነው።

ያድርጉ፦ ከሚከተሉት ለእርስዎ የሚሆነውን ይምረጡ፤ ሁሉንም መደርደር አያስፈልግም።

- ጥምረቱ የመጀመሪያውን ዕቃ ዓላማውን እንዲስት ካደረገው ይህንን በገጽና በመስመር ጠቅሰው ያሳዩ። ለምሳሌ አንዱ ሰነድ ብሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲለቀቅ ከፈለገ፣ መገልበጥ ሥራውን ያበላሽበታል።
- ሰነዱ የእርስዎን መንገድ የሚነቅፍ ወይም አንባቢውን ከዚያ መንገድ የሚያርቅ ከሆነ ቃሉን ይጥቀሱ። ሌላ አማራጭ መምረጡ ብቻ ግን ነቀፋ አይደለም።
- መርማሪው «ቮልቴጁንና ክፍተቱን ማስተካከል የተለመደ ሙከራ ነው» ካለ፣ በቁጥሮቹ ክልል ውስጥም ውጭም የተለካ ውሂብ ያቅርቡ። በክልሉ ዳርቻ ላይ ውጤቱ በድንገት የሚለወጥ ከሆነ ያ ጠንካራ መልስ ነው። ውሃ በንድፈ ሐሳብ ከ1.23 ቮልት ጀምሮ ሊከፈል ስለሚችል፣ በዚያ አካባቢ የሚለወጥ ነገር ካለ ከመርማሪው በፊት እርስዎ ያብራሩት። ፈጣሪ የፈጠራውን ሳይንሳዊ ምክንያት የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ምክንያቱን ለክርክር ከተጠቀመበት ግን ማስረጃ ይጠየቃል።

## ደረጃ 7፦ የአንቀጽ 112 ጉድለቶችን ያስተካክሉ

«ዝቅተኛ ቮልቴጅ»፣ «ቀጭን»፣ «ፈጣን» የሚሉ ቃላት መለኪያ ካልተቀመጠላቸው ይውጡ፤ ቁጥር ይተካቸው። «ሁሉንም ተህዋስያን» የሚል ጥያቄም በሁለት ባክቴሪያ ሙከራ አይደገፍም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመድኃኒት ኩባንያዎቹ በአምጄንና ሳኖፊ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ብዙ የጠየቀ ብዙ ማስቻል አለበት፤ ማለትም መግለጫው የሙያውን ሰው የተጠየቀውን ሁሉ እንዲሠራ ሊያስችለው ይገባል። ስቴፊሎኮከስ ኦሬየስንና ኢ. ኮላይን ብቻ ለክተው ከሆነ፣ ጠንካራ ቅርፊት ያላቸውን የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ስፖሮች የሚጨምር ጥያቄ አያቅርቡ።

## ደረጃ 8፦ ከማስገባትዎ በፊት መርማሪውን ያነጋግሩ

የመርማሪው ስልክ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ አለ። በቢሮው የመስመር ላይ ቅጽ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ከሁለት ቀን በፊት አንድ ገጽ አጀንዳና ረቂቅ ጥያቄውን ይላኩ። በስልኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «የትኛው ቃል ቢገባ ይህ ውድቅ ይነሣል?» ብለው ዝም ይበሉና ያዳምጡ። የሚናገሩት ሁሉ በመዝገብ ላይ ሊሰፍር ስለሚችል፣ «ፈጠራዬ እኮ በብር ብቻ ነው የሚሠራ» የመሰለ መብትዎን የሚያጠብ ቃል አይወርውሩ።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖች ቢሮው እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው። ጠበቃ ለሌለው አመልካችም ቢሮው የእርዳታ መስመርና በነጻ ከሚያገለግሉ ባለሙያዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አለው።

## ደረጃ 9፦ ያስገቡ፣ ያረጋግጡም

1. የጥያቄዎቹን ሙሉ ዝርዝር በአዲስ ገጽ ይጀምሩ፤ የተሠረዙትም ቁጥራቸው ይቀመጥ።
2. በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሁኔታውን ይጻፉ፦ እንደመጀመሪያው፣ አሁን የተሻሻለ፣ የተሠረዘ፣ አዲስ። ለእያንዳንዱ በደንቡ የተወሰነውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጠቀሙ።
3. የጨመሩትን ከሥሩ ያስምሩ፤ የቀነሱትን መሐሉን ይሠርዙት። ይህ ከተዛባ መልሱ ደንቡን አላሟላም ተብሎ ሊመለስ ይችላል።
4. ክርክሩን በሌላ አዲስ ገጽ ይጀምሩ፤ በደብዳቤው ላለ ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ ይኑረው።
5. በፓተንት ሴንተር (በቢሮው የመስመር ላይ ማስገቢያ) ያስገቡና የደረሰኙን ቀንና የገጾቹን ብዛት ከላኩት ጋር ያመሳክሩ።

የመጨረሻ ውድቅ ቢመጣ፦ የድሮ መመሪያዎች ከመጨረሻ ውድቅ በኋላ በነጻ ማሻሻያ የሚታይበትን የሙከራ ፕሮግራም ይጠቁማሉ። ያ ፕሮግራም በታኅሣሥ 5 ቀን 2017 (ዲሴምበር 14 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) ተዘግቷል። አሁን ያሉት መንገዶች ክፍያ ከፍሎ ምርመራው እንዲቀጥል መጠየቅ፣ ለይግባኝ ቦርዱ ማመልከት ወይም ተከታይ ማመልከቻ ማስገባት ናቸው። አዲስ የሙከራ ውሂብ ካለዎት የመጀመሪያውን ይምረጡ። ውሂቡ ሁሉ ገብቶ መርማሪው ሰነዱን በስሕተት አንብቦታል ብለው ካመኑ ግን ይግባኙ ይሻላል፤ ቦርዱ የሚፈርደው በመዝገቡ ባለው ማስረጃ በመሆኑ ያ አምስተኛው ናሙና አስቀድሞ መግባት አለበት።